የመስኮቱ ሥራ ለሴት፣ የብድሩ ሥራ ለወንድ የሆነው እንዴት ነው?

ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ የባንክ ሠራተኞች፣ ደንበኞችና ባለአክሲዮኖች እንደምትበዙ አውቃለሁ። ጥያቄዬን እዚህ ያነሳሁትም ለዚህ ነው። ክሩ (የመልሶቹ ሰንሰለት) ስለረዘመና አዲስ የሚገባ ሰው መሀል ላይ ስለሚጠፋበት፣ መጀመሪያ የጻፍኩትንና ከዚያ የመጡትን መልሶች በተራ ቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር እዚሁ ላይ አስቀምጫለሁ። የሰውም ሆነ የሚሠራበትን ባንክ ስም አልጠቅስም።

የጻፍኩት ይህን ነበር። ቦሌም ይሁን መርካቶ፣ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ግቡ። መስኮት ላይ ገንዘብ የምትቀበላችሁ ብዙ ጊዜ ሴት ናት። ሂሳብ የምትከፍትላችሁም ሴት ናት። ወደ ኋላ፣ መስታወት ወዳለው ክፍል እለፉ። ሥራ አስኪያጁ ወንድ ነው። ከዚያ ቅርንጫፎቹን ወደሚመራው ዲስትሪክት ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ ምክትል ፕሬዚዳንቶቹ ወዳሉበት ፎቅ ውጡ። በወጣችሁ ቁጥር ሴቶቹ እየሳሱ ይሄዳሉ። የብሔራዊ ባንክን የገዥነት ወንበር እስከ ዛሬ አንዲት ሴት አልተቀመጠችበትም።

ብድር ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አብረውኝ ከተቀጠሩት ሴቶች መካከል ብድር ላይ የተመደብኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። እሱም አንድ ልጅ በድንገት ሥራ ለቆ ቦታው ክፍት ስለሆነ ነው። ሌሎቹ በሙሉ ወደ ደንበኞች አገልግሎት ሄዱ። ትምህርታችን አንድ ነው፣ ውጤታችንም ተቀራራቢ ነው። ብድር ክፍል የገባ ሰው በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ የድርጅትን የሂሳብ መግለጫ ማንበብ፣ የመያዣ ግምት መመርመር፣ ሰነድ አዘጋጅቶ ለብድር ኮሚቴ ማቅረብ ይለምዳል። አለቆች ስሙን ያውቁታል። ነጋዴዎች ስልኩን ይይዛሉ። መስኮት ላይ ያለችው ጓደኛው ደግሞ በየቀኑ ከማለዳ እስከ ማታ ስትቆጥርና ስታስተናግድ ትከርማለች። የሥራ አስኪያጅ ቦታ ሲወጣ ማስታወቂያው የብድር ልምድ ይላል። እሷ የላትም።

ስለዚህ ክርክሬ አጭር ነው። የሴቶች ነገር የሚወሰነው ፕሬዚዳንት ሲመረጥ አይደለም። የሚወሰነው በመጀመሪያው ምደባ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለን ነው። እናንተ ምን አያችሁ ብዬ ጠየቅኩ።

መልስ 1። ቀድመው የጻፉት በሰው ኃይል አስተዳደር ብዙ ዘመን ያገለገሉ አባት ናቸው። በትሕትና ጀመሩና አብዛኛውን ተቀበሉ። ሴት ብድር ላይ አትመደብ የሚል መመሪያ የትም ባንክ አይተው እንደማያውቁ አስረዱ። ነገሩ የሚሠራው በስልክ ነው አሉ። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ይደውልና ለብድር ወንድ ላኩልኝ ይላል። ምክንያቱን ሲጠየቅ፣ መያዣ የሚሆነውን ቤትና ፋብሪካ ሄዶ ማየት ስላለ፣ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ፣ ስለሚመሽ ነው ይላል። እሳቸውም በዘመናቸው እንደጠየቋቸው ይልኩ እንደነበር ጻፉ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

መልስ 2። ሐዋሳ ያለች እህት አስተካከለችኝ። አዲስ አበባን አይተሽ አገሩን አትለኪው አለች። እሷ ባለችበት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጇ ሴት ናት። ከእሷ በፊት የነበረችውም ሴት ነበረች። ደግሞ ዘምዘም ባንክን ለምን ዘለልሽው ብላ ጠየቀች። እውነቷን ነው፣ መጠቀስ አለበት። ዘምዘም በአገራችን ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ የተቋቋመ የመጀመሪያው ባንክ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በፕሬዚዳንትነት የመሩት ወይዘሮ መሊካ በድሪ ናቸው። አዲስ ዓይነት ባንክ ከባዶ ማቆም ቀላል ሥራ አይደለም።

መልስ 3። አንድ ወንድም እናት ባንክን አመጣ። በ11 ሴቶች የተመሠረተ፣ አብዛኛው ባለአክሲዮኑ ሴት የሆነ፣ ቅርንጫፎቹን በስመ ጥር ኢትዮጵያውያት ስም የሰየመ ባንክ ነው። በ2005 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ግን ፕሬዚዳንቱ ወንድ ነበሩ። ሴቶች በራሳቸው ባንክ ላይ ሴት ካልሾሙ ሌላውን ምን ልንል ነው የሚል ነበር ጥያቄው። ክሩ የጦዘው ከዚህ በኋላ ነው።

መልስ 4። ከመሥራቾቹ ጋር ቅርበት ያላት የምትመስል ሴት ቆጣ ብላ መለሰች። የባንክ ፕሬዚዳንት በፍላጎት ብቻ አይሾምም፤ ቦርዱ የመረጠውን ሰው ብሔራዊ ባንክ ማጽደቅ አለበት፤ ማጽደቂያውም የረጅም ጊዜ የባንክ ልምድ ይጠይቃል አለች። ቦርዱን በሰብሳቢነት የመሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ናቸው፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ባንኩ መያዣ ለሌላት ሴት አቅም ያላቸው ሰዎች ገንዘብ አስቀምጠው ዋስ የሚሆኑበትን አሠራር ይዞ እንደመጣም አስታወሰች። ለመተቸት ቀላል፣ ለማቋቋም ከባድ ነው ብላ ዘጋች።

መልስ 5። ይህኛው መልስ ሁለቱን አስታረቃቸው። ጸሐፊው የራሱን ሥራ አልተናገረም፣ ግን የባንክ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። 3 የጠየቀውም 4 የመለሰችውም ልክ ነው፣ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ግን የክሩን መነሻ ያጠናክራሉ አለ። የሚያጸድቀው አካል የከፍተኛ ኃላፊነት ልምድ ከጠየቀ፣ ሴቶች ደግሞ ወደዚያ በሚያደርሰው መንገድ ላይ ካልተመደቡ፣ መሥራቾቹ የቱንም ያህል ሴት ቢፈልጉ የሚመርጡት ከጥቂቶች መካከል ነው። ከዚህ የተሻለ አድርጌ ልጽፈው አልችልም ነበር።

መልስ 6። ይህን መልስ ሳላሳጥር ልንገራችሁ። ጸሐፊዋ የቅርንጫፍ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነበረች። የካዝና ቁልፍ ያዥም ነበረች። ለማያውቅ ሰው፣ ካዝና በአንድ ሰው እጅ አይደለም። ሁለት ሰዎች ይይዙታል፤ አንዱ ከሌለ አይከፈትም፣ አይዘጋምም። ስለዚህ የሁሉም መስኮት ሂሳብ ሳይገጥም ቁልፍ ያዥ ቤቷ አትሄድም። አንድ ቀን ማታ የአንዷ ቴለር (መስኮት ላይ ገንዘብ የምትቀበልና የምትከፍል ሠራተኛ) ሂሳብ አሥር ሺህ ብር ጎደለ። ልጅቷ እያለቀሰች ትቆጥራለች። ጉድለቱ ከደመወዟ ነው የሚቆረጠው። የምክትሏ ልጅ ደግሞ መዋያው በ12 ሰዓት ይዘጋል። ስልኳ ይጠራል፣ ማንሳት አልቻለችም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተገኘ። አንድ እስር ባለ ሁለት መቶ ብር ከባለ መቶዎቹ እስሮች ጋር ተደርቦ፣ እንደ አሥር ሺህ ተቆጥሮ ነበር። እስሩ ሃያ ሺህ ነው። ልዩነቱ ያው አሥር ሺህ ነው።

ልጇን የመዋያው ዘበኛ ጋ፣ ጥበቃ ቤት ውስጥ ተኝቶ አገኘችው። በሳምንቱ ቁልፉን አስረከበች። ቁልፍ ማስረከብ ማለት ከምክትልነት መውረድ ማለት ነው። ሰዎች ኃላፊነት ጠላች ብለው አወሩ። ባሏም የባንክ ሠራተኛ ነበር፣ እሱም ቁልፍ ያዥ ነበር። እሱን ግን ማንም ልጁን ማን ያመጣል ብሎ አልጠየቀውም።

እኔ ይህን ሳነብ ስንት ሴት እንደዚህ በራሷ እጅ ፈርማ እንደወረደች አሰብኩ። በወረቀት ላይ በገዛ ፈቃዷ ነው የሚለው።

መልስ 7። አንድ ወንድም ተቃወመ። መቃወሙ አይደለም የከፋኝ፣ አነጋገሩ ነው። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ የሚለውን ተረት አስቀደመና፣ ሴቶች ሹመት ሲሰጣቸው እሺ አይሉም አለ። እሱ ባለበት ባንክ ለሦስት ሴቶች የክልል ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት ቀርቦላቸው ሦስቱም አልሄድም አሉ። የሄዱት ወንዶች ዛሬ ዲስትሪክት ደርሰዋል። ታዲያ ማን ከለከላቸው የሚል ነው።

መልስ 8። ወዲያው በሹል ቃል የመለሰችለት ሴት አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረበች። የሄዱት ወንዶች ልጆቻቸውን ለማን ትተው ነው የሄዱት? አዲስ አበባ የቀረችው ሚስት ናት። እሷ ብትሄድ የሚቀረው ማን ነው? ከዚያ ተረቱን ተረት ብሎ መተው እንደሚሻል፣ እዚህ ቤት እንደማይሠራ ነገረችው። ብዙ ሰው ደገፋት።

መልስ 9። ሁለቱ ሲነታረኩ፣ በእርግጥ የሄደች ሴት መጣች። ጂንካ ተመድባ ሁለት ዓመት ተኩል በሥራ አስኪያጅነት ሠርታለች። ትንሹን ልጇን ይዛ ሄደች፤ ትልቁ ከእናቷ ጋር አዲስ አበባ ቀረ። ባንኩ ለወንዶቹ የሚሰጠውን የቤት አበል ለእሷም ሰጣት፣ በዚህ አታማም። ቤት ለመከራየት ግን ባለቤቶቹ ባልሽ የት ነው እያሉ አስቸገሯት። በመጨረሻ አንዲት የጤና መኮንን ግቢዋን አካፈለቻት። ቅርንጫፉን ከፍ አድርጋ ተመለሰች፣ አሁን ዋና መሥሪያ ቤት ናት። ለ7 የመለሰችው ያለ ስድብ ነው። ሦስቱ ሴቶች ለምን እሺ እንዳላሉ ጠይቀሃቸው ታውቃለህ ወይ አለችው። እሷን ማንም ጠይቋት አያውቅም።

መልስ 10። ይህኛው ስለ ታርጌት፣ ማለትም ቅርንጫፉ እንዲያሟላ ስለሚጠበቅበት ግብ ነው። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የሚለካው በሚሰበስበው ተቀማጭ ገንዘብ ነው። ይህን ባንክ ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ጸሐፊው ትልልቅ ደንበኞች የሚገኙት ማታ ሆቴል ውስጥ፣ ቢራና ጥሬ ሥጋ ፊት ነው፤ ሴት ደግሞ እዚያ ብትቀመጥ ስም ይወጣላታል አለ። ጥሩ ሰው ይመስላል፣ ሁኔታውን ደግፎ አልጻፈም። እንዲያው ያየውን ነው የተናገረው።

መልስ 11። ለ10 መልስ የሰጠችው መርካቶ አካባቢ ሥራ አስኪያጅ የሆነች ሴት ናት። ማታ ሆቴል ሄዳ አታውቅም። የእሷ መንገድ ዕቁብ ነው። ትልልቅ የነጋዴ ዕቁቦች ገንዘባቸውን አንድ ቦታ ማስቀመጥ አለባቸው። ብዙ ጊዜ ዳኛው ወንድ ነው፣ ደብተሩን የምትይዘውና ገንዘቡን ባንክ የምታደርሰው ግን ሴት ናት። እሷ ከእነዚህ ሴቶች ጋር ጠዋት ሱቅ ሳይከፈት ቡና ትጠጣለች። አንዱ ዕቁብ ሌላውን አመጣ። ዓመቱ ሲዘጋ ታርጌቷን አልፋለች። ዲስትሪክቱ ሲገመግማት ደንበኞችሽ ጥቃቅን ናቸው አላት። የተሰበሰበው ብር ግን ከጎረቤት ቅርንጫፍ ይበልጥ ነበር።

ከሁሉም መልስ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው። አሠራሩ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ አስቦ ሲሠራ፣ ሌላ መንገድ ያገኘችውን እንኳን ማየት እንደሚያቅተው ያሳያል።

መልስ 12። ከእስራኤል፣ ናታንያ የሚኖር ወንድማችን ያለበትን አገር ነገረን። እዚያ ባንክ ለኡሚን ጋሊያ ማኦር እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2012 መርታዋለች። ስትወርድም የተተካችው በሴት፣ በራኬፌት ሩሳክ-አሚኖአች ነው። በአንድ ወቅት ከአምስቱ ትልልቅ ባንኮች ሦስቱን ሴቶች ይመሩ ነበር፤ የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ ካርኒት ፍሉግም ሴት ነበረች። ያም ሆኖ የእኛ የቤተ እስራኤል ልጆች በእነዚያ ፎቆች ላይ ጎልተው እንደማይታዩ ጨመረበት። ሴት መሪ መጣች ማለት በር ለሁሉም ተከፈተ ማለት አይደለም የሚል ነው ሐሳቡ።

መልስ 13። አንዱ ተናደደ። ውጭ ተቀምጦ አገር ማነጻጸር ቀላል ነው፣ እኛ እዚህ በኑሮ ውድነት እየተቃጠልን ስለ እስራኤል ባንክ ምን አገባን አለ። ትንሽ ሸካራ ነበር። የመልስ 12 ጸሐፊ መልስ አልሰጠውም፣ ጥሩ አደረገ።

መልስ 14። ሌላዋ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ አፍሪካን እዩ አለች። የናይጄሪያ ባንኮች እ.ኤ.አ. በ2012 ከማዕከላዊ ባንኩ ጋር ተስማምተው ለቦርድ 30 በመቶ፣ ለከፍተኛ አመራር 40 በመቶ ሴት የሚል ግብ አስቀምጠዋል። ግቡ በተባለበት ቀን አልደረሰም። ቁጥሩ በጽሑፍ በመኖሩ ግን ሰው የሚጠይቀው ነገር አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2021 እንደ ፊደሊቲና ጂቲ ባንክ ያሉት ሴት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ይዘው ነበር። ኪጋሊ ባንክን ዲያን ካሩሲሲ መምራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የሩዋንዳ ብሔራዊ ባንክም እ.ኤ.አ. በ2025 የመጀመሪያዋን ሴት ገዥ ሶራያ ሃኩዚያሬምዬን አገኘ። ኒውዮርክን ማየት ለሚወድ ደግሞ ሲቲ ባንክ በሴት፣ በጄን ፍሬዘር መመራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። አሜሪካን ያህል አገር ትልልቅ ባንኮቹ አንዲት ሴት እስኪሾሙ ይህን ያህል ዘገየ። ስለዚህ እኛ ኋላ ቀር ስለሆንን ነው የሚለው ወሬ ብዙም አያስኬድም አለች።

መልስ 15። በጡረታ ላይ ያሉ የባንክ ሰው ታሪክ አነሱ። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሲከፈት በእንግሊዞች ቁጥጥር ሥር በነበረው በግብፅ ብሔራዊ ባንክ በኩል ነበር። እቴጌ ጣይቱ ይህ ስላልጣማቸው፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለእርሻና ለንግድ የሚያበድር የአገር ሰው ማኅበር እንዲቋቋም አደረጉ። ሴት ባንክን አታውቅም ለሚሉ ሁሉ ይህ መልስ ይሁን አሉ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችን ሲወርስ እሳቸው ወጣት ሠራተኛ ነበሩ። ያኔም መስኮቱ ላይ ሴቶች እንደነበሩ፣ አለቆቹ ግን ወንዶች እንደነበሩ ጻፉ።

መልስ 16፣ 17 እና 18። እዚህ ላይ ክሩ መንገድ ሳተ። ሁለት ሰዎች ስለ አድዋና ስለ እቴጌይቱ ፖለቲካ ተያያዙ። ሦስተኛው አዲስ ምሩቅ ነው፤ የትኛው ባንክ ቅጥር እያወጣ እንደሆነ ጠየቀ። ለምሩቁ አራት ሰው ያህል በውስጥ መስመር እንደጻፈለት ሰማሁ፣ ደስ ብሎኛል። የአድዋውን ክርክር ወደ ሌላ ክር እንዲወስዱት ለመንኳቸው።

መልስ 19። አንድ ጠበቃ ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ እንዲወሰድ ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን። ጠበቃው እዚህ ላይ ነው የቆመው። ሕጉ ራሱ ልጁ የማን ሥራ እንደሆነ ነግሮናል አለ። ችግሩ እረፍቱን ማግኘት ላይ አይደለም፤ ሲመለሱ የሥራ አፈጻጸም ነጥቡ ላይ ነው። በዓመቱ ውስጥ አራት ወር ያልነበረች ሠራተኛ እንዴት ትመዘናለች? ባንኩ ግልጽ ደንብ ከሌለው አለቃዋ መካከለኛ ይሰጣታል። በመካከለኛ ደግሞ አታድግም። አንድ ልጅ፣ ሁለት ልጅ ሲባል እኩዮቿ ሁለት ደረጃ ቀድመዋታል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርግ እንደነበርም አስታወሰን። ያ የተነሳው በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው። እኔ በዚህ ላይ ከሥራዬ ልጨምር። ዛሬ የጋራ ቤት በመያዣነት ሲቀርብ ሁለቱም መፈረም አለባቸው። ሚስት ብዙ ጊዜ ለፊርማ ብቻ ነው የምትመጣው። ባልየው ገጹን ይገልጥላትና እዚህ ጋ ይላታል። እኔ ሁልጊዜ አቆማቸዋለሁ። ብድሩ ስንት እንደሆነ፣ ባይከፈል ምን እንደሚሆን ለእሷ በቃሌ እነግራታለሁ። አንዳንዷ ያን ቀን ነው ቤቷ ስንት ሚሊዮን እንደተያዘበት የምትሰማው።

መልስ 20። አንዲት ባለአክሲዮን ስለ ቦርድ ጻፈች። ቦርድን የሚመርጠው የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ነው። እሷ አክሲዮኑን የገዛችው በራሷ ገንዘብ ነው። ጉባኤ ሲደርስ ግን ውክልና ለባሏ ትሰጣለች። ባሏ ይሄዳል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይመክራል፣ እነሱ ያሉትን ይመርጣል። በዚህ ክር ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፉትን ጉባኤዎች አሰበችና፣ ማን እንደተመረጠ እንኳን እንደማታውቅ ተረዳች።

መልስ 21። ሌላ ባለአክሲዮን፣ ወንድ ነው፣ ይህን ደገፈ። በእሱ ባንክ ጉባኤ አዳራሹ ውስጥ ሴቶች ይታያሉ፣ ማይክራፎን የሚይዙት ግን ወንዶች ናቸው አለ። ለቦርድ ጥቆማ ሲጠየቅ ሴት የሚጠቁም አንድ ሁለት ሰው ነው። የተጠቆመችው ሴት ደግሞ ትምህርቷና ልምዷ ከወንዶቹ በላይ በዝርዝር ይጠየቃል።

መልስ 22። የመልስ 7 ጸሐፊ ተመልሶ መጣ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደግ አልሆንም። ተረቱን ከጽሑፉ ሰረዘው። መልስ 9ን ካነበበ በኋላ ከሦስቱ ሴቶች ለአንዷ ደውሎ ጠየቃት። የታመመ አባት እንደነበራትና እሷ ብቻ እንደምታስታምመው፣ ይህን ለአለቆቿ ለመናገር እንደከበዳት ነገረችው። ሐሳቡን በሙሉ አልቀየረም። ሹመት የሚፈልግ ሰው መስዋዕትነት መክፈል አለበት በሚለው ጸንቷል። እኔም የምቃወመው ይህን አይደለም። የምጠይቀው አንዱ የሚከፍለው ለምን ሁልጊዜ ከሌላው ይበልጣል ነው።

መልስ 23። ስጋት የጻፈ ሰው አለ። የባንኮች ዝቅተኛ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያድግ ተወስኖ ጊዜው እስከ ሰኔ 2018 ተቀምጦ ነበር። በታኅሣሥ 2017 ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው ሕግ ጸደቀ። ባንኮች ቢዋሃዱ ወይም ወጪ ቢቀንሱ መጀመሪያ የሚጨመቀው መስኮቱ ነው አለ። ሰው በስልኩ እየላከና እየከፈለ ነው፤ ቴለር ያነሰ ያስፈልጋል። እዚያ የተሰለፉት ደግሞ ሴቶች ናቸው። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር፣ ትክክል ነው። ሴቶቹን ወደ ብድር፣ ወደ ዓለም አቀፍ ባንኪንግ፣ ወደ ስጋት አስተዳደር ማዛወር የእድገት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንጀራ የማጣት ጉዳይም እየሆነ ነው።

መልስ 24። የመጨረሻዋ ጸሐፊ ሦስት ዓመት መስኮት ላይ የሠራች ወጣት ናት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ወደ ብድር ልዛወር ብዬ ባመለክት አለቃዬ መልስ 1 ላይ ያለውን ይለኛል፣ የመስክ ሥራው ለሴት አይሆንም ይላል፤ ምን ልበለው አለች።

ያደረግሽውን ትይዥለታለሽ አልኳት። አሁኑኑ የውስጥ የሥራ ማስታወቂያ እስኪወጣ ሳትጠብቂ፣ የብድር ባለሙያውን አንድ የብድር ሰነድ ሲያዘጋጅ አብሬህ ልይ በይው። የአንድ ነጋዴን የሦስት ዓመት ሂሳብ ከፍተሽ ገቢውና ወጪው፣ ክምችቱና ዕዳው እንዴት እንደሚያያዙ ራስሽ ጻፊ። ማመልከቻሽን በጽሑፍ አስገቢ፤ የተቀበለው ሰው በግልባጩ ላይ ይፈርምልሽ።

ስለ መስኩ ደግሞ እኔ የምሠራበትን ንገሪው። መያዣ ለማየት የምንወጣው ጠዋት ነው። የምንሄደው በባንኩ መኪና ነው። አብሮኝ መሐንዲስ አለ፣ ሾፌር አለ፣ ብዙ ጊዜም ተበዳሪው ራሱ አለ። እኔ ካርታውን ይዤ የቤቱን ቁጥርና አዋሳኙን አመሳክራለሁ፣ መሐንዲሱ ይለካል፣ ፎቶ እናነሳለን። ፋብሪካ ከሆነ ማሽኖቹ እየሠሩ መሆናቸውን አያለሁ፣ መጋዘን አስከፍቼ ዕቃ እቆጥራለሁ፣ ሠራተኞቹን ደመወዝ በሰዓቱ ይከፈላችኋል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ሩቅ ከሆነ እናድራለን፤ እሱም በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው፣ አበልም ይታሰባል። በቀረው ጊዜ 11 ሰዓት ላይ ቢሮዬ ነኝ። ካዝና ከሚይዙት እህቶቼ ቀድሜ ቤቴ እገባለሁ።

ማመልከቻውን አስገብታለች። ግልባጩ ላይ አስፈርማለች። መልስ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ ብላለች።